ፈረሱ የያዘው ክፍል

በሕይወቴ ብዙ ሰው ጠልቻለሁ። እንደዚያ ሰውዬ ግን በሙሉ ልቤ፣ በጥሞና፣ ጊዜ ወስጄ የጠላሁት የለም። ጠዋት ፊቴን ከመታጠቤ በፊት እጠላዋለሁ፤ ማታ ጫማዬን ካወለቅሁ በኋላ አንዴ ጨምሬ ጠልቼው እተኛለሁ። እሱም አላሳፈረኝም፤ እኩል ይጠላኝ ነበር። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ፣ በአንድ ሽንት ቤት ስንጠላላ ኖርን። ፊት ለፊት ስንገናኝ ግን ጨዋዎች ነን። እኔ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» እላለሁ። እሱ «ይመስገን» ብሎ ወደ ጎን ይተፋል። ምራቁ የሚያርፈው ሁልጊዜ እኔ በቆምኩበት በኩል ነው። «ነፋሱ ነው» ይላል። አዋሳ ውስጥ ከሐይቅ ወደ ከተማ የሚነፍስ ነፋስ አውቃለሁ፣ ከከተማ ወደ ሐይቅ የሚነፍስም አውቃለሁ፤ ከአንድ ሰው አፍ ወደ እኔ ጫማ ብቻ የሚነፍስ ነፋስ ግን ከዚያ ግቢ ሌላ የትም አላየሁም።

ሰውዬው ከባዶ የተነሣ ነው። ይህን ልክደው አልችልም፤ ልክድ ብልም እሱ ራሱ በየቀኑ ያስታውሰን ነበር። ከተማዋ ገና ቁጥቋጦና ጅብ ሳለች፣ በአንዲት አህያ ከሐይቁ ውሃ እያመላለሰ ለቤት ሠሪዎች ይሸጥ ነበር። ከአህያዋ ወደ ጋሪ ፈረስ አደገ፤ ከአንድ ጋሪ ወደ ብዙ ጋሪ። ከዕለታት አንድ ቀን የሸጠላቸውን ውሃ ሰዎቹ ምን እንደሚያደርጉበት ልብ ብሎ አየና «ይሄማ ጭቃ ነው፤ ጭቃ ማቡካት ለእኔም አያቅተኝም» ብሎ ቤት መሥራት ጀመረ። ሠርቶ ያከራያል፣ አከራይቶ ይሠራል። አብዮቱ ሲመጣ ከመናኸሪያ ጀርባ ዝናብ የሚመታው ቆርቆሮ ሁሉ የእሱ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። እሺ፣ ትንሽ ማጋነን ይሆናል። ግማሹ የእሱ ነበር።

ስለ ቤት አሠራሩ ግን አላጋንንም፤ መከራዬ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። ሰውዬው እንጨትና ቆርቆሮ ይገዛል፤ አፈር ግን ገዝቶ አያውቅም። ጋሪዎቹ ከከተማ ውጭ ቦሌ እየጫኑ ለከብት አርቢዎች ያመላልሱ ነበር። ቦሌ ማለት ከብት ጨው ሲያምረው የሚልሰው አፈር ነው። ሳይሸጥ የተረፈውን ምን ያደርገዋል? የቤት ጭቃው ውስጥ ይደባልቀዋል። ማገሩን ደግሞ ከሐይቁ ዳር በነፃ ባሳጨደው ሸምበቆ ይሠራዋል። ከላይ ጥሩ አድርጎ ይለስነውና ኖራ ይቀባዋል፤ ሲያዩት ቤተ መንግሥት ነው። ከእሱ ቤቶች ጥግ ፍየል አይጠፋም ነበር። እኛ ተከራዮቹ ለጥላው የሚመጡ ይመስለን ነበር።

ሁለተኛው ፍቅሩ ፈረስ ነው። ሁለተኛው ስል ከቤት ቀጥሎ ማለቴ ነው፤ ሚስቱ ሦስተኛ መሆኗን ስትረዳ ጊዜ ሳታጠፋ ወንድሞቿ ዘንድ ሄዳለች። ከጋሪዎቹ ፈረሶች ከአንዲቱ የተወለደ አንድ ዳማ ውርንጭላ ነበረው። ጋሪ ሳያስነካው አሳደገው። ሰው የማይበላውን ገብስ አበላው። እሁድ እሁድ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ከገጠር ከሚመጡት የሲዳማ ፈረሰኞች ጋር ይሽቀዳደም ነበር፤ እዚያ የተሸነፈ ቀን እኛ ግቢ ውስጥ ሳቅ ክልክል ነው። ስሙን የሚጠራበት አጋጣሚ አልነበረም፤ «ልጄ» ነበር የሚለው። «ልጄ ጠጥቷል?» «ልጄን ማን አስደነገጠው?» እኔ ነበርኩ የማስደነግጠው።

ከዚያ አዋጁ ወጣ። ትርፍ ቤት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። ለሰውዬው የቀረችለት እኛ ግቢ ውስጥ ያለችው የፊት ለፊቷ ቤት ብቻ ናት። ከኋላዋ የተደረደርነው ተከራዮች ከነክፍሎቻችን ወደ ቀበሌ ዞርን። መዝጋቢዎቹ በየግቢው እየዞሩ ክፍል ሲቆጥሩ፣ ከእኔ ክፍል ጋር ግድግዳ የምትጋራው ክፍል ሰው ለቅቋት ባዶ ነበረች። ሰውዬው ከበር ላይ ሆኖ አያቸው። ሮጦ ፈረሱን አመጣ፣ አስገባው፣ ድርቆሽ ጣለለት። መዝጋቢዎቹ ሲከፍቱ ፈረስ ቆሞ ያያቸዋል።

«ይሄስ?» አሉ።

«በረት ነው፣ ጓዶች» አለ ሰውዬው፣ ቆቡን አውልቆ።

አዋጁ ስለ ሰው መኖሪያ እንጂ ስለ በረት አይናገርም ተባለና አለፉት። በመላው አገር ባለ ሀብት ሁሉ ቤቱን በዘመድ ስም ሊያስቀር ሲሞክር እየተያዘ፣ በፈረስ ስም ያስቀረ እሱ ብቻ ነው።

እኔ ያኔ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ድምፄ ትልቅ ነው። «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ!» ስል ሻሸመኔ ያሉት ሰዎች «አቤት» ይላሉ ይባል ነበር። ክፍሌ ግን ትንሽ ናት። ማዛጋት ያማረው ሰው መጀመሪያ በሩን መክፈት አለበት። ሱሪ የምለብሰው አልጋው ላይ ተኝቼ ነው፤ ለአንድ ወንደላጤ ግን ይበቃል። አልበቃም ያለው ላገባ ሳስብ ነው።

እጮኛዬ አንድ ሱቅ ውስጥ ትሠራ ነበር። እናቷ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡ ባልቴት ናቸው። በቢላዋ ዓሣ ሲቀርፉ አይተህ የምታውቅ እንደሆነ፣ አነጋገራቸውም እንደዚያው ነው፤ ቅርፊትህ ሲበተን ታየዋለህ። ልጠይቃቸው ስሄድ ቢላዋውን ሳያስቀምጡ ነበር የሰሙኝ።

«ስንት ክፍል ነው ያለህ?»

«ለጊዜው አንድ ነው፣ እማማ።»

«እኔ ልጠይቃችሁ ስመጣ የት ልተኛ ነው? በመካከላችሁ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ሌላ ዓሣ አነሡ።

«ሁለት ክፍል ይዘህ ና። ያለዚያ ልጄ እዚሁ ዓሣ ስትቀርፍ ትኑር።»

ስለዚህ የፈረሱን ክፍል ማግኘት ነበረብኝ። ሌላ መንገድ የለም፤ በከተማው ክፍል የሚጠብቅ ሰው ቢሰለፍ ጭራው ዲላ ይደርስ ነበር። ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ሄድኩ። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ የነበረ ሰው ነው፤ አሁንም ሲያናግርህ ዓይኑ የትከሻህን ስፋት ይለካል።

«በረት ቤት አይደለም» አለኝ። «ቤት ያልሆነ ነገር ላከራይህ አልችልም። ፈረሱ ከወጣ ግን ክፍል ይሆናል። ክፍል ከሆነ ያንተ ነው፤ ከጎኑ ስለሆንክ ይገባሃል።»

«ፈረሱን ማን ያስወጣዋል ታዲያ፣ ጓድ?»

«እኔ ከፈረስ ጋር ምን አገባኝ? ባለቤቱን ለምነው።»

ለመንኩት። ቀን መርጬ፣ ፈረሱን ሲያሻሽ ጠብቄ፣ ደስ ያለው ሲመስለኝ ቀረብ አልኩ።

«ጋሼ፣ ላገባ አስቤ ነበር።»

«ማንን?»

ነገርኩት።

«አታውቅህም ማለት ነው» አለ፣ ፈረሱን ማሻሸቱን ሳያቋርጥ።

«ፈረሱን ሌላ ቦታ ቢያሳድሩት ብዬ ነበር። ክፍሏን...»

«የት ልውሰደው? ቤቶቼን ሁሉ ወስዳችሁ!»

«እኔ ምን ወሰድኩ ጋሼ? እኔ ተከራይ ነኝ።»

«ኪራይ ለማን ነው የምትከፍለው?»

«ለቀበሌ።»

«እንግዲያ ሂድና ሙሽራህን ቀበሌ አስተኛት! ልጄን ከቤቱ አውጥቼ አንተን ልሞሽርበት? ይሄ ፈረስ ካንተ ይሻላል፤ ቢያንስ ሲበላ አያወራም።»

ከዚያ በኋላ ጦርነት ሆነ። ጠዋት ጠዋት ልብሴን እየለበስኩ በግድግዳው በኩል ፈረሱን በመናኸሪያ ድምፄ እሰድበዋለሁ፤ ስድቡ ለባለቤቱ ይደርሳል። ሰውዬው ደግሞ የፈረሱን ፋንድያ ጠርጎ በሬ ሥር ይከምርልኛል፤ «ማዳበሪያ ነው፣ ምናልባት ቁመት ብትጨምር» ይላል። ፈረሱም ሥራ አልፈታም። ቀኑን ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ ላፍ ላፍ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። እየጠጣ ይመስለኝ ነበር። አንድ ፈረስ ይህን ያህል ከጠጣ ሐይቁ እንዴት አላለቀም ብዬ ተገርሜያለሁ። አንድ ቀን ግድግዳውን ተደግፌ ስቀመጥ ጀርባዬ ቀዘቀዘኝ። ዞር ብዬ ብነካው ረጥቧል፤ በጣቴ ስጫነው ወደ ውስጥ ገባ። ጣሪያው ያፈሰሰ መሰለኝና አንድ ትልቅ ካላንደር ለጠፍኩበት። ያን ጊዜ ጭቃውን በምላሴ ብነካው ኖሮ ብዙ ነገር ይገባኝ ነበር። ግን ማን ግድግዳ ይልሳል?

የአብዮት በዓል ቀረበ። የዚያን ዓመት ከሰልፉ በኋላ የየቀበሌው ፈረስ ይሽቀዳደማል ተባለ። የእኛ ሊቀመንበር ጭንቅ ያዘው፤ የጋሪ ፈረስ እንጂ የሚሮጥ ፈረስ የለውም። ሰውዬው ይህን ሰምቶ ቆቡን አውልቆ ቢሮ ገባ። እዚያ የተባባሉትን የሰማሁት በዕለቱ ተረኛ ከነበረው የአብዮት ጥበቃ ነው።

«ልጄ ለቀበሌያችን ይሩጥ» አለ ሰውዬው። «ካሸነፈ በረቱ በረት ሆኖ ለዘላለም ይጽደቅልኝ።»

«ከተሸነፈስ?»

«ከተሸነፈ ክፍሉን ለዚያ ለጯሂው ስጡት።»

ተስማሙ። ይህን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሰባት፣ ስምንት ቀበሌ ፈረስ ያመጣል፤ የገጠር ገበሬ ማኅበራትም አሉበት፤ እዚያ ሁሉ መካከል አንድ ገብስ የጠገበ ቀብራራ እንዴት ያሸንፋል? ሮጬ አሞራ ገደል ሄድኩና «እማማ፣ ሁለተኛዋ ክፍል ያለቀላት ነገር ናት። ከበዓሉ ማግስት መጥተው ይዩልኝ» አልኳቸው። «እናያለን» አሉ። አንድ የዓሣ ጭንቅላትም ሰጡኝ፤ ከእሳቸው እጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በበዓሉ ቀን የቀበሌው ሰው በሙሉ ጉዱማሌ ተሰለፈ። እኔ ከኋላ ተደብቄ ሽንፈቱን በሰላም ልመለከት ነበር። ሊቀመንበሩ ጠራኝ።

«አንተ መናኸሪያ አይደለህም የምትሠራው? ና ፊት ቁም። ጩኸቱን አንተ ትመራለህ።»

አስቡት። በዓለም ላይ ያ ፈረስ እንዲሸነፍ ከማንም በላይ የሚፈልግ ሰው፣ እንዲያሸንፍ ጩኽ ተባለ። ከኋላዬ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ቆሟል።

ሰውዬው ራሱ ነበር የሚጋልበው። ስልሳን ያለፈ ሰው ነው፤ ሌሎቹ ጋላቢዎች የልጅ ልጆቹ ይሆናሉ። ኮርቻ ላይ ሲወጣ ተደግፎ ነው የወጣው፤ ከወጣ በኋላ ግን ጀርባው ቀጥ አለ። ሲነሡ የእኛ ፈረስ አራተኛ ነበር። እኔም ለራሴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «በርታ፣ በርታ» አልኩ።

«ጓድ» አለኝ ባለ ጠመንጃው ከኋላዬ፣ «ጉሮሮህን አሞሃል?»

ጉሮሮዬ ወዲያው ዳነ። «በርታ!» ብዬ ለቀቅሁት። ሻሸመኔ ሳይሰሙት አይቀሩም። ያልጠበቅሁት ነገር ግን ፈረሱ ይህን ድምፅ ማወቁ ነው። በየጠዋቱ በግድግዳ ሲሰድበው የከረመ ድምፅ ነው። ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ከእኔ ለመሸሽ ብሎ ፈነጠረ። እኔ ስጮኽ እሱ ይብሳል፤ ባለ ጠመንጃው ደግሞ «ጨምር!» ይለኛል። ሦስተኛ ሆነ፣ ሁለተኛ ሆነ፣ ከዚያ ከፊቱ ማንም የለም። ሌሎቹ ፈረሶች ሲደርሱ የእኛው ላቡ ደርቆ ነበር ማለት ይቻላል። በገዛ ጉሮሮዬ ክፍሌን ለፈረስ አጸደቅሁለት።

ሊቀመንበሩ ፈረሱ አንገት ላይ ቀይ ጥብጣብ አሰረ። ሰውዬው ከኮርቻው ሳይወርድ በሕዝቡ መካከል ዓይኑን አንከራትቶ እኔን ፈለገኝና «አመሰግናለሁ!» አለኝ። ከዚህ የከፋ ስድብ ሰድቦኝ አያውቅም።

በማግስቱ እማማ ከልጃቸው ጋር መጡ። ክፍሏ እንዳመለጠችኝ ልነግራቸው ድፍረት አጣሁ። «ቁልፉ ዛሬ ነገ ይሰጠኛል» አልኩ። እማማን አልጋው ላይ አስቀመጥኳቸው፤ እጮኛዬ በሩ ላይ ቆመች፤ ውስጥ ብትገባ እኔ መውጣት ነበረብኝ። ሻይ ቀዳሁ። እማማ ክፍሌን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ማየቱ ብዙ ጊዜ አልፈጀም።

«ሁለተኛው የት ነው?»

«ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ነው» ብዬ ወደ ካላንደሩ ጠቆምኩ።

ካላንደሩ ተነቃነቀ።

ከትናንቱ ሩጫ በኋላ ያ ፈረስ ላቡ ወጥቶ ጨው አምሮት ኖሯል። ካላንደሩ መካከሉ ላይ አበጠ፣ ተቀደደ፣ ከውስጡ መጀመሪያ አፍንጫ፣ ቀጥሎ ግንባር፣ ቀጥሎ ሙሉ ጭንቅላት ወጣ። አንገቱ ላይ ቀይ ጥብጣብ አለ። አፉ ሸምበቆ እያላመጠ ነው። ጭቃው እማማ ሻይ ውስጥ ገባ።

«በጌታ...» ብለው ጀመሩና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ የዚያን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ቃል በቀበሌ ግቢ ውስጥ ጮክ ተብሎ አይጨረስም። ፈረሱን ከላይ እስከ ታች አዩት። እኔን አዩኝ።

«ይሄ ደግሞ የማን ዘመድ ነው?»

እጮኛዬ በሩን ይዛ ትስቃለች። እማማ ግን አልሳቁም። ሻዩን መሬት አስቀመጡና ተነሡ። «ልጄን ከፈረስ ጋር ደባል ልታደርጋት ነው?» ብለው ወጡ። እጮኛዬም እየሳቀች፣ በኋላም እያለቀሰች ተከተለቻቸው።

ሰውዬው ጩኸት ሰምቶ እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ የፈረሱን ፊት አገላብጦ አየ፤ ጭረት የለም። ከዚያ ቀዳዳውን አየ። ከዚያ እኔን።

«ግድግዳዬን ናድከው!»

«ፈረስዎ ነው የናደው! ደግሞስ ግድግዳው መቼ ነው የእርስዎ የሆነው? የመንግሥት ነው!» አልኩት።

ምላሴን በቆረጠው! ሰውዬው ፊቱ በራ።

«እውነትህን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የመንግሥት ነው። የመንግሥትን ንብረት ነው ያፈረስከው። ክፍሉ በሩጫ ስላመለጠህ በመዶሻ ልትወስደው።»

ቆቡን አደረገና ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከአብዮት ጥበቃዎች ጋር ተመለሰ።

እስካሁን እየቀለድኩ መጥቻለሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ላቁም። በዚያ ዘመን «የመንግሥት ንብረት አወደመ» የተባለ ሰው ቀበሌ ገብቶ ላይመለስ ይችል ነበር። ከዚያ ባነሰ ነገር የሄዱ አውቃለሁ። የቀበሌው እስር ክፍል ውስጥ ስቀመጥ ሠርጌን ረስቼ ነበር። ሁለት ክፍል ይቅርና ያቺን ማዛጊያ የሌላትን አንድ ክፍሌን መልሼ ላያት አልችል ይሆናል እያልኩ ነበር። ሰውዬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። እያወቀ ነው ያደረገው። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ ለማለትም አላሰብኩም።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ፊት አቀረቡኝ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን ደበደበ።

«ግድግዳውን ለምን አፈረስክ?»

«ፈረሱ ነው፣ ጓድ። ልሶ ልሶ ነው የጨረሰው።»

ኮሚቴው ሳቀ። ሰውዬው ግን አልሳቀም። ዘሎ ተነሣ።

«የእኔ ግድግዳ በምላስ አይፈርስም! ይህን ከተማ ማን ሠራው? እኔ የሠራሁትን ቤት ዝሆን ቢገፋው አይነቃነቅም!»

እዚህ ላይ ነው የፍየሎቹ ነገር ድንገት የበራልኝ። ለዓመታት ከእሱ ቤቶች ጥግ የማይጠፉት ፍየሎች፣ ያ ሁሉ ላፍ ላፍ፣ ጋሪዎቹ የሚጭኑት ቦሌ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተገጣጠሙልኝ።

«ጋሼ» አልኩት በትሕትና፣ «ይሄ የተቀመጥንበት ቢሮስ የማን ሥራ ነው?»

ቢሮው ራሱ ከእሱ የተወረሰ ቤት ነው። ሰውዬው ጥያቄው ወጥመድ መሆኑን ያወቀ ይመስለኛል፤ ዓይኑ ፈራ። ግን ሥራው ሲነሣ ዝም ማለት አይችልም።

«የእኔ ነዋ! ሲታይ አይታወቅም?»

«እንግዲያ ፈረሱ እዚህ ይምጣ» አልኩ። «ምንም ካላደረገ እኔን የፈለጋችሁት ቦታ ውሰዱኝ።»

አመጡት። ገና ግቢው ውስጥ እንደገባ አፍንጫውን አነሣ። ማንም ሳይመራው በፊት ለፊት ወዳለው ግድግዳ ሄደ፤ ትልቁ መፈክር በቀይ ቀለም የተጻፈበት ነው። ምላሱን አወጣ። ላፍ። ላፍ። ኖራው ተላጠ፤ ከኖራው ጋር የመፈክሩ መጨረሻ ሁለት ቃላት ሄዱ። ሊቀመንበሩ «ኧረ ያዙት! ያዙት!» እያለ በመስኮት ዘለለ፤ በር እያለ። ሁለት ጥበቃዎች ልጓሙን ሲስቡ ፈረሱ ጥርሱን ልስኑ ውስጥ ሰክቶ ሸምበቆውን እንደ ፓስታ እየሳበ ያወጣው ጀመር።

ሊቀመንበሩ ቀረብ ብሎ የተላጠውን ቦታ በጥፍሩ ፋቀው። ዙሪያውን አየ። ጣቱን ላሰ።

«ጨው ነው» አለ።

ከኮሚቴው አንዱ መጥቶ ቀመሰ። ሌላው ቀመሰ። ጸሐፊዋም ቀመሰች። አንድ ቀበሌ ሙሉ የራሱን ጽሕፈት ቤት ሲልስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሰውዬውን አየሁት። ስድብ ያወርድብኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን የሚያየው ግድግዳውን ነው። ሸምበቆው በሰው ፊት ተገልጦ ቆሟል። ያን ሁሉ ዓመት በኖራ የሸፈነውን ሁሉም ሰው እያየው ነው።

ፍርዱ አልዘገየም። የቀበሌው ቤት እኩሌታ የዚህ ሰው ሥራ ስለሆነ ፈረሱ አንድ ቀን እንኳ በቀበሌው ክልል እንዳያድር። በረቱ ከዛሬ ጀምሮ ክፍል ነው። ክፍሉ የእኔ ነው። የፈረሰውን ግድግዳ ባለቤቱ በራሱ ወጪ ይሥራ። እኔ ነፃ ነኝ።

ሊቀመንበሩ ከዚያ በኋላ ድምፁን አለስልሶ «ጋሼ፣ ፈረሱን ለአንድ ገበሬ ማኅበር ያስረክቡና በቤትዎ በሰላም ይኑሩ» አለው። መልካም ምክር ነበር። አንዲት ቤት ቀርታዋለች፤ ያረጀ ሰው ነው፤ ፈረስ ምን ያደርግለታል?

«እኔና ልጄ አንለያይም» አለ ሰውዬው።

ፈረሱን ወደ ገጠር ወስዶ አንድ የድሮ ፈረሰኛ ጓደኛው ዘንድ አሰረው። በሚቀጥለው ቀን ብቻውን ተመልሶ መጣ፤ ግድግዳውን ሊሠራ። ሠራተኛ ይቀጥራል ስል ሱሪውን ሰብስቦ ራሱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ቀይ አፈር በገንዘቡ ገዝቷል። ጭድ ገዝቷል። ማገሩ ጥሩ ባሕር ዛፍ ነው። በእግሩ እየረገጠ ሲያቦካ እኔ በሬ ላይ ቁጭ ብዬ እንከን እጠብቃለሁ። አናወራም። መርጎ ሲጨርስ ሄጄ በእጄ መዳፍ ነካሁት፣ በጉልበቴ ገፋሁት፣ ዳር እስከ ዳር በዓይኔ ለካሁት። እንከን አጣሁለት። ሲያቅተኝ ጊዜ «ቀለሙ ጠቁሯል» አልኩ።

«ሲደርቅ ይነጣል» አለ። እጁን ታጠበና ሄደ።

ግድግዳው ሳይደርቅ ነው ነገሩ የተሰማው። ሰውዬው የፊት ለፊቷን ቤት ቁልፍ ለቀበሌ አስረክቧል። ያን ሁሉ ቤት ሠርቶ አዋጅ የተወለትን አንዲቷን በገዛ እጁ ሰጠ፤ ፈረሱ ካለበት ገጠር አንድ ጎጆ ሊቀልስ ነው። ቤቷን ማን እንዳገኛት ልንገራችሁ? ሊቀመንበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢያችን ውስጥ የምንተነፍሰው በፈቃድ ሆነ።

የሄደበትን ቀን ሥራ ቀርቼ ጠበቅሁት። ይህን ያህል ዓመት የተጠላላ ሰው ያለ መጨረሻ ስድብ አይለያይም። የእኔን አዘጋጅቻለሁ፤ ጥሩ ስድብ ነበር፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው ትንፋሽ የማይሰጥ። ፈረሱን ሊያሳየኝ ይሁን ወይም ዕቃውን ሊጭንበት፣ ጠዋት እስከ በሩ ድረስ አመጣው። አልጋውን፣ ሳጥኑንና ኮርቻውን በአንድ ጋሪ ላይ ጫነ። ፈረሱን ግን አልጫነውም፣ አልተቀመጠበትምም፤ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ሊሄድ ነው።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» አልኩት ጮክ ብዬ።

«ይመስገን» አለ።

ወደ ጎን ይተፋል ብዬ እግሬን ሰበሰብኩ። አልተፋም። ፈረሱን አንገቱን ቸብ ቸብ አደረገና ጋሪውን ተከትሎ ወጣ። በመናኸሪያው አቅጣጫ፣ እሱ በሠራቸው ቤቶች መካከል፣ አንዱንም ቀና ብሎ ሳያይ ሄደ። ይዞራል ብዬ እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኔ ተከተልኩት። ይዞራል፣ አንድ ነገር ይለኛል። አንድ ነገር ማለት ነበረበት። ያን ሁሉ ስድብ አፌ ውስጥ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ደሜ ፈልቶ ወደ ግቢ ገባሁ። የፈረሱን ክፍል ከፈትኩ። ሽታው ዓይን ያስለቅስ ነበር። ክፍሉን አገኘሁት ብዬ ስለላክሁባቸው እማማ ቅዳሜ ሊያዩት ይመጣሉ፤ ስለዚህ ባልዲና መጥረጊያ አነሣሁና፣ ሰውዬውን ጮክ ብዬ እየሰደብኩ ማጠብ ጀመርኩ።